ቁናው አንድ፣ እህሉ ልዩ ልዩ፦ የፕሮግራም ቋንቋዎች መስፈርትን እንዴት ይጠይቃሉ?



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ የደረሰብንን አንድ ነገር ሳንደብቅ በመናገር ጽሑፋችንን እንጀምራለን። ገመናን አደባባይ ማውጣት ደስ አይልም። ይሁን እንጂ ስሕተት የሚያስተምረው ሲነገር ነውና ይቅርታችሁን አስቀድመን እንለምናለን።

ለልምምድ በተመደብንበት ትምህርት ቤት የክፍል ኃላፊዋ መምህርት የ6ኛ ክፍልን የሒሳብ ውጤት በደረጃ እንድንደረድርላቸው ሰጡን። እኛም የኮምፒውተር ትምህርት ሠልጣኞች ነንና «በእጅ መደርደር ድሮ ቀረ» ብለን በፓይተን ቋንቋ አጭር ፕሮግራም ጻፍን። ፕሮግራሙ ውጤቱን ከፋይል ያነባል፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረድራል፣ ዝርዝሩን ያወጣል። በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ደስ ብሎን ሳናጣራ በክፍሉ በር ላይ ለጠፍነው።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ተማሪ መጥታ «ቲቸር፣ እኔ መቶ አይደል እንዴ ያገኘሁት? ታዲያ ለምን መጨረሻ ሆንኩ?» አለችን። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሮጠን ሄደን አየነው። ከዝርዝሩ ስድስቱን ብቻ ብንጠቅስ፣ ፕሮግራማችን ያወጣው ቅደም ተከተል 98፣ 95፣ 9፣ 88፣ 72፣ 100 የሚል ነበር። ዘጠኝ ያገኘ ልጅ ሰማንያ ስምንት ያገኘችውን በልጦ ሦስተኛ ወጥቷል፤ መቶ ያገኘችው ደግሞ ከሁሉ በታች ተቀምጣለች። መምህርቷ መነጽራቸውን አውልቀው «ልጆች፣ መቶ ከዘጠኝ የሚያንሰው በየትኛው አገር ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ወረቀቱን ቀድደን፣ በእጃችን ደርድረን፣ በተማሪዎቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅን።

ነገሩን በኋላ ስንመረምረው ምክንያቱ ቀላል ሆኖ አገኘነው። ከፋይል የሚነበብ ነገር ሁሉ ጽሑፍ ነው። እኛም ወደ ቁጥር ሳንለውጠው ቀረን። ጽሑፍ የሚነጻጸረው እንደ መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ፊደል እየተነሣ ነው፤ «1» ከ«7» ስለሚቀድም «100» ከ«72» ያንሳል። «9» ደግሞ ከ«88» ይበልጣል። እንግዲህ ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም፤ ያልነውን ነው ያደረገው።

ታዲያ አንድ ጥያቄ አልለቀቀንም። ያ መደርደሪያ «ቁጥር መሰለኝ እኮ፤ ጽሑፍ ለምን ሰጣችሁኝ?» ብሎ ለምን አልጠየቀንም? ሌላ ቋንቋ ብንጠቀም ኖሮ ይጠይቀን ነበር ወይ? ይህንን ለማወቅ ያነበብነውን ነው ዛሬ የምናካፍላችሁ።

1ኛ/ አጠቃላይ ኮድ ማለት ምን ማለት ነው?

ቁናን ሁላችንም እናውቃለን። ጤፍ ይሰፈርበታል፣ ስንዴ ይሰፈርበታል፣ ሽምብራም ይሰፈርበታል። ለጤፍ አንድ፣ ለስንዴ ሌላ፣ ለሽምብራ ሌላ ቁና የሚሰፋ ባለሙያ የለም። ሆኖም ቁና ሁሉንም አይሰፍርም፤ ውሃ ብታፈሱበት በስፌቱ ይወጣል። ስለዚህ የቁና መስፈርት «ደረቅ እህል ይሁን» የሚል ነው። ይህን መስፈርት ማንም ጽፎ አልለጠፈበትም፤ የሚሰፍረው ሰው ያውቀዋል።

በፕሮግራም ሥራም እንዲሁ ነው። ከዝርዝር ውስጥ ትልቁን የሚፈልግ ትእዛዝ አንድ ጊዜ ቢጻፍ ለቁጥርም፣ ለስምም፣ ለቀንም ሊያገለግል ይገባል። ሥራው ያው ነውና፦ የመጀመሪያውን ያዝ፤ ቀጣዩን ከያዝከው ጋር አነጻጽር፤ ከበለጠ እሱን ያዝ፤ እስኪያልቅ ቀጥል። እንዲህ ያለውን ለብዙ ዓይነት የሚሆን ጽሑፍ አጠቃላይ ኮድ፣ በሙያው አጠራር ጄነሪክ ይሉታል። መስፈርቱም አንድ ነው፤ የሚሰጡት ነገሮች እርስ በርስ የሚነጻጸሩ መሆን አለባቸው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ባርባራ ሊስኮቭ ከተማሪዎቻቸው ጋር ክሉ የሚባል ቋንቋ ሠርተዋል። በዚያ ቋንቋ አጠቃላይ ኮድ የሚጽፍ ሰው «የሚሰጠኝ ዓይነት እነዚህን ሥራዎች የሚችል ይሁን» ብሎ መስፈርቱን በግልጽ ያሰፍር ነበር። በዚያው ዘመን በስኮትላንድ በኤድንብራ ሮቢን ሚልነር ኤም ኤል የተባለውን ቋንቋ ሠሩ። በዚህኛው ደግሞ ፕሮግራመሩ ዓይነቱን ባይጽፍም ኮምፓይለሩ ራሱ ከአጻጻፉ አውጥቶ ይደርስበታል። ሁለቱም ሰዎች የኮምፒውተር ሳይንስ ታላቅ ሽልማት የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተሸልመዋል፤ ሚልነር በ1991፣ ሊስኮቭ በ2008።

ከዚያ ወዲህ ቋንቋዎች በየመንገዳቸው ሄዱ። ልዩነታቸውን ለመረዳት እኛ ሦስት ጥያቄዎችን መርጠናል፦
ሀ) መስፈርቱ በግልጽ ይነገራል ወይስ ዝም ይባላል?
ለ) መሟላቱ የሚጣራው መቼ ነው?
ሐ) «ይህ ዓይነት ያሟላል» ብሎ የሚመሰክረው ማን ነው?

2ኛ/ ፓይተን፦ ሥራው ይታያል፣ ዘሩ አይጠየቅም

በፓይተን አጠቃላይ ኮድ መጻፍ ቀላል ነው፤ ምንም መስፈርት አይጻፍም። መደርደሪያው የተሰጡትን ሁለት ነገሮች «ማን ያንሳል?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካገኘ ይቀጥላል። ካላገኘ እዚያው ይቆማል። ይህን አሠራር የዳክዬ ዘዴ ይሉታል፤ እንደ ዳክዬ ከሄደ፣ እንደ ዳክዬ ከጮኸ ዳክዬ ነው እንደማለት ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ለጀማሪ ይቀላል፣ አጭር ነው። ጉዳቱ ደግሞ ማጣሪያው ፕሮግራሙ በሚሠራበት ሰዓት መሆኑ ነው። ለምሳሌ ያህል በቁጥሮቹ መካከል ላልተፈተነ ተማሪ «ቀሪ» የሚል ጽሑፍ ብናስገባ፣ የዛሬው ፓይተን ጽሑፍን ከቁጥር አላነጻጽርም ብሎ ይቆማል። ግን ተማሪው ሁሉ በተፈተነበት ጊዜ ፕሮግራሙ ደህና ይሠራል፤ ችግሩ የሚታየው አንድ ልጅ የቀረ ዕለት ነው። የቀድሞው ፓይተን 2 ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር፤ ቁጥር ምንጊዜም ከጽሑፍ ያንሳል ብሎ ዝም ብሎ ይደረድር ነበር። ፓይተን 3 በ2008 ሲወጣ ይህ ቀረ።

የእኛ ዝርዝር ግን ሁሉም ጽሑፍ ነበር። ጽሑፍ ከጽሑፍ ይነጻጸራል። ስለዚህ አልቆመም፤ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ መልስ ሰጠን። የሚቆም ፕሮግራም ያሳፍራል፤ የማይቆመው ግን ሰው ይበድላል።

ከ2015 ጀምሮ ፓይተን ዓይነትን በማስታወሻ መልክ ለመጻፍ ይፈቅዳል። በ2019 ደግሞ «እነዚህን ሥራዎች የሚችል ማንኛውም ዓይነት» ብሎ መስፈርት የሚገለጽበት መንገድ ተጨመረ። ማስታወሻውን ግን ፓይተን ራሱ ሲሠራ አያጣራውም፤ እንደ ማይፓይ ያለ ሌላ መርማሪ ፕሮግራም ማሠራት ያሻል። ማስታወሻ ጽፎ መርማሪ አለማሠራት የቤት ሥራ ሰጥቶ እንዳለማረም ነው።

3ኛ/ ጃቫ፦ ምስክር ወረቀት ያለው ይግባ

ጃቫ በ1996 ሲወጣ ጄነሪክ አልነበረውም። ዝርዝሩ ማንኛውንም ነገር ይቀበል ነበር። ሲወጣ ግን «ይህ ስም ነው»፣ «ይህ ቁጥር ነው» እያሉ መናገር ግዴታ ነበር። ሰውዬው ከተሳሳተ ፕሮግራሙ በሥራ ላይ እያለ ይወድቃል። ጄነሪክ የገባው በ2004፣ በጃቫ 5 ነው። ከዚያ ወዲህ «ይህ የቁጥሮች ዝርዝር ነው» ብለን ከጻፍን፣ ጽሑፍ ለማስገባት ስንሞክር ኮምፓይለሩ ገና ከበሩ ይመልሰናል።

መስፈርትም በግልጽ ይጻፋል። «ማንኛውም ዓይነት ሀ ይሁን፤ ነገር ግን ሀ ተነጻጻሪ ነኝ ያለ መሆን አለበት» እንላለን። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ዓይነቱ ራሱ ሲጻፍ «ተነጻጻሪ ነኝ» ብሎ በስም መናገር አለበት። ማነጻጸር መቻሉ ብቻ አይበቃም፤ ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። እኛም ማስተማር ብንችል ያለ ምስክር ወረቀት ክፍል አንገባም አይደል? ሌላ ሰው የጻፈው ዓይነት ይህን ሳይናገር ከቀረ በውጭ ሆነን ልንጨምርለት አንችልም፤ የሚያነጻጽር ዳኛ ለብቻው ሠርተን ለመደርደሪያው እንሰጠዋለን እንጂ።

ጃቫ አንድ ሌላ ጠባይ አለው። ኮምፓይለሩ ሁሉን ካጣራ በኋላ የዓይነቱን መረጃ ይደመስሰዋል። ዘበኛው በር ላይ መታወቂያ ያያል፤ ግቢ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ግን ማን እንደሆናችሁ የሚያስታውስ የለም። ይህ የተደረገው ከ2004 በፊት የተጻፉት ፕሮግራሞች ሳይለወጡ አብረው እንዲሠሩ ነው። ሲ ሻርፕ በ2005 ጄነሪክ ሲያስገባ ግን ሌላውን መንገድ መርጧል፤ መረጃው ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜም አለ።

4ኛ/ ሲ ፕላስ ፕላስ፦ ቅጹን ሞልተህ እይ

ሲ ፕላስ ፕላስ ዴንማርካዊው ቢያርኔ ስትሮስትሩፕ የሠሩት ነው። አጠቃላይ ኮድ በዚህ ቋንቋ እንደ ባዶ ቅጽ ነው፤ ኮምፓይለሩ ለቁጥር አንድ ጊዜ፣ ለጽሑፍ ሌላ ጊዜ ሞልቶ ለየአንዳንዱ ዓይነት የራሱን ቅጂ ያወጣል። በመሆኑም ሥራው በጣም ፈጣን ነው። ማጣሪያውም ከሥራ በፊት ነው፤ ይህ ከፓይተን ይለየዋል።

ችግሩ ግን መስፈርቱ ለረጅም ዘመን ሳይነገር መኖሩ ነው። የማይነጻጸር ዓይነት ብትሰጡት ስሕተቱ የሚታየው እናንተ በጻፋችሁት መስመር ላይ ሳይሆን፣ ሌላ ሰው በጻፈው የመደርደሪያው ሆድ ውስጥ ነው። ኮምፓይለሩም ገጽ በገጽ የሚሞላ የስሕተት መግለጫ ያወርድባችኋል። ጀማሪው ደንግጦ «ምን አጠፋሁ?» ይላል። ጥፋቱ አንዲት ቃል ልትሆን ትችላለች።

ይህን ለማቃናት መስፈርትን በስም የሚገልጽ ኮንሴፕት የተባለ ሐሳብ ቀረበ። ሆኖም በ2009 የቋንቋውን ደረጃ የሚያወጣው ኮሚቴ ገና አልበሰለም ብሎ ከረቂቁ አወጣው። ተሻሽሎ የገባው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ2020 ደረጃ ነው። ዛሬ «ተነጻጻሪ ዓይነት ብቻ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ስሕተቱም «መስፈርቱን አላሟላም» ተብሎ ይነገራል። ቢሆንም መስፈርቱ የሚያስረው ተጠቃሚውን ነው፤ የቅጹ ጸሐፊ ካስታወቀው መስፈርት ውጭ ሌላ ሥራ በውስጡ ቢጠቀም ኮምፓይለሩ ቅጹ ሲጻፍ አይዘውም።

5ኛ/ ጎ፦ ዘግይቶ የመጣ

ጎ በጉግል ተሠርቶ በ2009 ለሕዝብ ቀረበ። ሠሪዎቹ ቋንቋው ቀላል እንዲሆን ስለፈለጉ ጄነሪክ አላስገቡም ነበር። በዚህም የተነሣ ፕሮግራመሮች አንዱን ሥራ ለየዓይነቱ ደጋግመው ይገለብጡ ነበር፤ አለዚያም ሁሉን የሚቀበል ባዶ ሳጥን ይጠቀሙ ነበር። ከ12 ዓመት በላይ ከተጠበቀ በኋላ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. በጎ 1.18 ጄነሪክ ገባ።

ጎ ምስክር ወረቀት አይጠይቅም። የተፈለጉትን ሥራዎች የያዘ ዓይነት ባይናገርም ያሟላል፤ በቅርጹ ይታወቃል። ከፓይተን የሚለየው ይህ የቅርጽ ምርመራ በኮምፓይለሩ፣ ከሥራ በፊት መደረጉ ነው። ለማነጻጸር ሲሆን ደግሞ መስፈርቱ የተፈቀዱትን ዓይነቶች ይዘረዝራል፤ ሙሉ ቁጥሮች፣ የነጥብ ቁጥሮችና ጽሑፎች ናቸው።

6ኛ/ ሃስኬልና ረስት፦ ምስክሩ ከውጭ ሊመጣ ይችላል

በ1989 ፊሊፕ ዋድለርና ስቴፈን ብሎት የዓይነት ክላስ የሚባለውን ሐሳብ ጽፈው አቀረቡ። ሃስኬል የተባለው ቋንቋም ተቀበለው። እዚህ ላይ መስፈርቱ ለብቻው፣ ዓይነቱ ለብቻው ይጻፋል። «ይህ ዓይነት ያንን መስፈርት እንዲህ አድርጎ ያሟላል» የሚለው ምስክርነትም ለብቻው ይጻፋል። ስለዚህ ትናንት የተጻፈ ዓይነት ዛሬ የተጻፈን መስፈርት ሊያሟላ ይችላል።

በ2015 የመጀመሪያው ሙሉ እትም የወጣው ረስት ይህንን መንገድ ተከትሏል፤ መስፈርቱን ትሬይት ይለዋል። አንድ ሕግም ጨምሯል፦ ምስክርነቱን የሚጽፈው ወይ የዓይነቱ ባለቤት ወይ የመስፈርቱ ባለቤት መሆን አለበት። አለዚያ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ምስክርነት ይሰጡና ነገሩ ይምታታል። ደግሞም ረስት የሚያስረው ሁለቱንም ወገን ነው። ጸሐፊው «ተነጻጻሪ ይሁን» ብሎ ጽፎ በውስጡ ደግሞ መደመርን ቢጠቀም፣ ገና ማንም ሳይጠቀምበት ኮምፓይለሩ «መደመርን መቼ ጠየቅህ?» ይለዋል።

ከሁሉ ያስገረመን አንድ ነገር አለ። ረስት የነጥብ ቁጥሮችን ዝርዝር በተለመደው መደርደሪያ አይደረድርም! ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ከነጥብ ቁጥሮች መካከል «ቁጥር ያልሆነ» የሚባል አንድ ልዩ ዋጋ አለ፤ ለምሳሌ ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል የሚገኘው። ይህ ዋጋ ከማንም አያንስም፣ ማንንም አይበልጥም፣ ከራሱ ጋር እንኳ እኩል አይደለም። ስለዚህ የት ይቀመጥ? ረስት «የነጥብ ቁጥር ሙሉ ቅደም ተከተል የለውም፤ እንደዚህ ያለው ዋጋ ቢመጣ ምን እንደምታደርግ አስቀድመህ ንገረኝ» ይላል። ይህ የመጽሐፍ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ምንም ፈተና ያልወሰደ ተማሪ አማካይ ሲሰላ ዜሮ ለዜሮ ማለት ነው። የቀረውን ልጅ የት እናስቀምጠዋለን የሚለው ጥያቄ መምህሩ ሊመልሰው የሚገባ ነው፤ ረስትም ለእኛ ትቶታል።

7ኛ/ ታዲያ ሌላ ቋንቋ ያድነን ነበር ወይ?

እውነቱን ለመናገር፣ ግማሹን ያድነን ነበር። በጃቫም በጎም በረስትም «የቁጥሮች ዝርዝር» ብለን ብንጽፍ ከፋይል የመጣው ጽሑፍ ሳይለወጥ አይገባም ነበር። ዝርዝሩም በር ላይ ከመለጠፉ በፊት ስሕተቱ በእኛ ጠረጴዛ ላይ ይታይ ነበር። ነገር ግን «የጽሑፎች ዝርዝር» ብለን ብንጽፍ ኖሮ ሁሉም ያለ ማንገራገር 100ን ከ72 በታች ያደርጉት ነበር። ጽሑፍም እኮ መስፈርቱን ያሟላል! መስፈርቱ «ይነጻጸራል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «አነጻጸሩ ለዚህ ሥራ ይሆናል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ሁለተኛውን መጠየቅ የሰው ድርሻ ነው።

ይህን በፊደላችንም ማየት ይቻላል። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ተሰጥቶታል። ኮምፒውተሩ ስም ሲደረድር በዚያ ቁጥር ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ልጆች ቢኖሩና አንዱ «ሀይሉ»፣ ሁለተኛው «ሐይሉ»፣ ሦስተኛው «ኃይሉ» ብለው ቢጽፉ፣ ስንጠራቸው አንድ ናቸው፤ በዝርዝሩ ላይ ግን በመካከላቸው «ለማ»ም «መሠረት»ም «በቀለ»ም ይገባሉ። የዓይነት መስፈርት ይህን አይዝም። አነጻጸሩን አውቆ የሚወስነው ዝርዝሩን የሚሠራው ሰው ነው።

8ኛ/ ለእኛ ለመምህራን

ነገ ክፍል ስንገባ ይህን ትምህርት ከቋንቋ ስም ባንጀምር ጥሩ ይመስለናል። ቁና ይዘን እንግባ። «ምን ይሰፈርበታል? ምን አይሰፈርበትም? ለምን?» ብለን እንጠይቅ። ልጆቹ መስፈርት የሚለውን ቃል ሳይሰሙ መስፈርትን ራሳቸው ይነግሩናል። ቀጥሎም 100ን፣ 72ንና 9ን በሦስት ወረቀት ጽፈን፣ አንድ ጊዜ እንደ ቁጥር፣ አንድ ጊዜ እንደ መዝገበ ቃላት እንዲደረድሯቸው እናድርግ። የእኛን ስሕተት ያኔ ልጆቹ ራሳቸው ያገኙታል።

ቋንቋ ስንመርጥም «የትኛው ይበልጣል?» ከማለት ይልቅ ሦስቱን ጥያቄዎች ብንጠይቅ ይሻላል። ለአንድ ቀን ሙከራ ዝም የሚለው ቋንቋ ይበቃል። ብዙ ሰው ለሚጠቀምበት፣ ለዓመታት ለሚኖር ሥራ ግን ከበሩ የሚጠይቀው ቋንቋ ድካሙን ይክሳል። በመካከላችን ይህን አጥብቀን ተከራክረንበታል። አንዳንዶቻችን «ለጀማሪ ፓይተን ነው፤ ገና ከጅምሩ በዓይነት ብናስጨንቀው ይሸሻል» እንላለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ «ከጅምሩ ያልለመደ በኋላ አይለምድም» እንላለን። አሠልጣኞቻችን ምን ይላሉ? መልሳችሁን ጽፋችሁ ከሰሌዳው ጎን ባለው ሳጥን ብትከቱልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

ያቺ ተማሪ በመጨረሻው የልምምድ ቀን ደብተሯን ይዛ መጥታ «ቲቸር፣ ፕሮግራሙን አስተካከላችሁት?» ብላ ጠየቀችን። አስተካክለነዋል፤ አንዲት ቃል ናት የጨመርነው፣ ጽሑፉን ወደ ቁጥር የምትለውጥ። ሠርቶ አሳየናት፤ ስሟ አንደኛ ወጣ። እሷ ግን ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አንድ በአንድ አረጋገጠች። እኛ ሳንለጥፍ በፊት ማድረግ የነበረብን እሱን ነበር።